የመጋዘኑ ጨው

ሰኞ፣ ግንቦት 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

አባ ሰንጋ አይደለም። አባ ሰንጋ ቢሆን ደም ከአፍንጫዋ በወረደ ነበር። የከብት ሐኪም አይደለሁም፤ ሳኒቴሪያን ነኝ፤ እንጀራዬ ውኃ፣ አፈርና ቆሻሻ ነው። ዓይን ግን አለኝ። ዛሬ ጠዋት ቀራንዮ ግጦሹ ላይ ተዘርራ ያገኘኋት ላም አፏ አረፋ ደፍቋል። እስክትሞት ድረስ ስትንቀጠቀጥ ነበር አሉኝ። የደም ጠብታ ግን የለም። ከእሷ በፊት የሞቱት ላሞችም እንዲሁ ነበሩ አሉ።

ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላክኩት «ሄደሽ አባ ሰንጋ መሆኑን አረጋግጠሽ ነይ» ተብዬ ነው። አረጋግጠሽ ነይ! መልሱን አሸክመው ጥያቄ ፍለጋ ሰደዱኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ሜዳውን ያሳዩኝ ኦቦ ጉደታ ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም፣ የጎሣው ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። ሜዳውን «ካሎ» ይሉታል፤ የጋራ ግጦሽ ማለት ነው። የጎሣቸው ከብት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ ነው የዋለው። ከመሬት አዋጁ ወዲህ በወረቀት የማኅበሩ ተባለ እንጂ ሜዳው ያው ሜዳ ነው። ሌላ ግጦሽ የላቸውም።

በሜዳው ላይኛ ጥግ መሬቱ ነጣ ብሏል። ከብቶቹ ሣሩን ትተው እዚያ ይሄዱና መሬቱን ይልሳሉ።

«ቦሌ መስሏቸው ነው» አሉኝ ኦቦ ጉደታ። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው፤ ገበያ ላይም ይሸጣል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቦሌ እንዲህ አይሸትም። ጥሬ ቆዳ ቆዳ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሌላ ነገር አለ።

«ማነው እዚህ የሚደፋው?»

«መጋዘኑ ነዋ፣ የኮልፌው ቆዳ መጋዘን። ድሮ በባለቤቱ ጊዜ በጋሪ ነበር የሚደፋው። አሁን የመንግሥት ሲሆን በካሚዮን ሆነ።»

ከሜዳው ሥር ጅረት ይወርዳል። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከእሱ ነው። ክረምት ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዶፉ ከመውረዱ በፊት ያ ነጭ አፈር መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም።

በንዴት ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

መጋዘኑ ሄድኩ። ማንም «ወዴት ነሽ» አላለኝም፤ ነጭ ጋዋን ለብሼ ነበር።

ቆዳው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እንዳይበሰብስ ጨው ይነሰነስበታል። በጨው ላይ ደግሞ፣ ነቀዝ እንዳይበላው፣ ከበርሜል እየተዛቀ ነጭ ዱቄት ይበተንበታል። በርሜሉ ላይ የራስ ቅል ተስሏል። ሠራተኞቹ አፋቸውን በሻሽ አስረዋል። አንዷን «ምንድነው ይሄ?» ብላት «የነቀዝ መድኃኒት ነው፣ እጅ ይበላል» አለችኝ። ወለሉ ሲጠረግ ጨውና መርዙ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይጫናሉ፣ አብረው ሜዳ ይደፋሉ። ከብቱ ጨው ብሎ ይልሰዋል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። እዚህ ግን ገደሉን በካሚዮን እያመጡ ከሣሩ ሥር ያነጥፉለታል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ሲሚንቶ ወለል ያለው፣ ጣሪያው ደህና የሆነ ባዶ ክፍል አየሁ። ለኃላፊው «ጥራጊውን እዚህ አጠራቅሙ፤ ዝናብ አያገኘውም፣ ወደ መሬትም አይሰርግም» አልኩት።

«ያ ክፍል የኮሚቴ መሰብሰቢያ ነው።»

ከዚያ ወደ አለቃዬ፣ ወደ ጓድ ምትኩ። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ትዕግሥቱን ነው የምፈራው።

«ጓዲት ሰናይት፣ መጋዘኑ የማነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥትስ የማነው?»

«የሕዝብ።»

«ታዲያ ሕዝብ ሕዝብን ይመርዛል?»

ምን ይባላል? የላሟ ሬሳ እዚያው ሜዳ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ እዚህ ደግሞ መሞት እንደማትችል ይነገረኛል። ዝምታዬን እንደ መስማማት ቆጠረና ለዘብ አለ። በሪፖርቱ ላሞቹ በአባ ሰንጋ ነው የሞቱት፤ ሜዳውን ግን «በጽዳት ዘመቻ ስም» ማጽዳት እችላለሁ፤ ሐሙስ ካሚዮን ይሰጠኛል። አፈሩን ከውኃ የራቀ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ እቀብረዋለሁ አልኩት። «ድምፅ ሳታሰሚ» አለኝ።

እቴቴ ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ታላቅ እህቴ ናት፣ 18 ማዞሪያ እሷ ዘንድ ነው የምኖረው። «አፍሽን ሰብስቢ፣ የእኔ እናት፤ ላም ናት እኮ» አለች። ላም ናት እኮ! ራት ላይ ወተቱን ስትጠጣ ግን ደስ ይላታል።


ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ደቦ ወጣ። ወንዱም ሴቱም መጣ። እኔ ደርሼ አካፋ ሳነሳ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለዋል። ካሎ አይቆፈርም ነው ነገሩ። የአባቶች ቃል አለ፤ ግጦሹን ያረሰ ከጎሣው ይወጣል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ሦስተኛው ከአያቱ የሰማውን ይተርካል። ሰማዩን እያየሁ ተቃጠልኩ። እንዲህ የሚጠነቀቁለትን መሬት መጋዘኑ ሳይጠይቃቸው ሲደፋበት ኖረ፤ ማጽዳት ሲመጣ ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ንዴቴ ለእነሱ ይሁን ለመጋዘኑ ራሴም አላወቅኩት።

በመጨረሻ ኦቦ ጉደታ ተነሡ። «የተከለከለው ማረስ ነው። ይኼ ማረስ አይደለም፤ ቁስል መጥረግ ነው» አሉ። እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ይዘው «ሆራ ቡላ» ብለው መረቁ፤ ርቡ ተባዙ፣ ሰንብቱ ማለት ነው። ሁሉም ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ በጀት የተያዘለት ዘመቻ አይሠራውም።

ያዘዝኩት፦ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይታሰር። እዚያ መብላት የለም። እጅ በሳሙና። ሳሙና ከየት ይመጣል አሉኝ፤ ቀበሌ ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ሰነበተ። ከቤት ያመጣሁትን ለሁሉም ቆራረስኩት። እቴቴ አታውቅም።

ጥቁር አፈር እስኪታይ ድረስ ተጠረገ። ቦታውን በእሾህ አጠርነው። ነጩን አፈር፣ ካሚዮኑ ሜዳው ላይ እንዳይሰጥም ብዬ፣ ከመንገድ ዳር አስቆለልኩ። አቶ ተካ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ እንዲጠብቅ ቀበሌው ሰጠኝ። «አቶ ተካ፣ ከብት እንዳይጠጋ!» አልኩት። «ምን ገዶኝ፣ ሲስተር» አለ። ሲስተር አይደለሁም ብዬ መናገር ከተውኩ ቆየ።

እጄ ቆስሏል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ደስ ብሎኛል።


ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ካሚዮን የለም።

ጠበቅኩ። ቆየሁ። ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ ቤቱ ጭር ብሏል፣ የጽሕፈት መኪናዋ ልጅ እንኳ የለችም። ዛሬ የድጋፍ ሰልፍ አለ። ካሚዮኖቹ በሙሉ ሰው ጭነው አደባባይ ወጥተዋል። የእኔም ካሚዮን ሰው ጭኗል። አፈር የሚጭን መኪና ጠፍቶ መፈክር የሚጭን ሞልቷል።

ፌርማታ ላይ ቆሜ ሲያልፉ አየኋቸው። ከላይ ሆነው ይዘፍናሉ። አውቶቡስም የለም፤ እሱም ሰልፍ ላይ ነው። በእግሬ ቤት ገባሁ። ወደ ሜዳው ተመልሼ ክምሩን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ነገ አያለሁ አልኩ።

ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።


ዓርብ፣ ግንቦት 21

ጠዋት በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ክምሩ የለም። ማለቴ አለ፤ ሲሶው አለ። የቀረው ተወስዷል። አቶ ተካ ጠመንጃውን ተሸክሞ በኩራት ቆሟል።

«አቶ ተካ፣ አፈሩ የት ሄደ?»

«አከፋፈልኩት፣ ሲስተር።»

«ምን አደረግከው?»

«መንግሥት ቦሌ ሊያድል ነው ብለው ትናንት ሕዝቡ ግር አለ። መጀመሪያ ግርግር ሆነብኝ። በኋላ ሰልፍ አስያዝኳቸው። አቅመ ደካሞችን አስቀደምኩ። ለነፍስ ወከፍ አንድ ጣሳ። ማንም ሁለት ጊዜ አልወሰደም።»

ተቀመጥኩ። መሬት ላይ፣ በጋዋኔ።

ልቆጣው ነበር። ምን ያድርግ? እኛ አገር አንድ ነገር ከመንገድ ዳር ተከምሮ፣ ባለ ጠመንጃ ከቆመበት፣ እደላ ነው። ስኳሩ እንዲህ ነው፣ ጨው እንዲህ ነው፣ ሳሙናውም በመጣ ጊዜ እንዲህ ነበር። ሰው የሚከፋፈለውን ሳይጠይቅ ነው መጀመሪያ ሰልፍ የሚይዘው፣ ስንይዝ አይቻለሁ፣ እኔም ይዣለሁ። ጨው ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ነጭና ጨዋማ አፈር በመንግሥት ዘበኛ ሲጠበቅ ያየ ሰው መርዝ ነው ብሎ ያስባል? መንግሥት መርዝ ሲጠብቅ መቼ አየ?

ለአቶ ተካ እውነቱን ነገርኩት። ፊቱ ዓመድ መሰለ። «እኔም ወስጃለሁ» አለ በቀስታ። ጊደር አለችው፣ የደረሰች። ሮጠ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ወደ ጓድ ምትኩ ሄድኩ። በድምፅ ማጉያ አስለፍፍልኝ፣ ሁሉም ይመልስ በልልኝ አልኩት። «ሕዝቡን በአሉባልታ ልታሸብሪ ነው?» አለኝ። አሉባልታ! ጣሳ ሙሉ መርዝ በየቤቱ ገብቶ እየተኛ ነው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

የኮልፌ ገበያ ቀን ነው። የፈራሁት አልቀረም፤ አፈሩ ገበያ ወጥቷል። ቦሌ የምትሸጠው እትዬ ዘይቱና መደብ ላይ አገኘሁት። ሦስት ሰው አምጥቶ ሸጦላታል። ደግነቱ ከራሷ ቦሌ ጋር አልቀላቀለችውም። «ሽታው ገፋኝ፣ ወላሂ» አለች። ጆንያውን ዘግታ አስረከበችኝ።

«እትዬ፣ የቀረውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ልሰብስብ?»

ሳቀችብኝ። «በዚህ ጋዋን? አንቺ ልጅ፣ ቀበሌ የሚሰበስበውን ነገር ማን ያወጣል? ወርቅ ነው ብለው አልጋ ሥር ይቀብሩታል።»

እውነቷን ነው። እዚህ ከተማ የቀበሌ ሰው «መልሱ» ያለው ዕቃ ዋጋው ያን ዕለት እጥፍ ይሆናል። አደገኛ ነው ብላቸው ደግሞ ለሌላ ይሸጡታል። ታዲያ ምን ይደረግ? ኦቦ ጉደታ በቅሏቸውን አስረው አጠገባችን ቆመው ሲሰሙ ቆዩ።

«ሰው ያገኘውን አይጥልም፤ ይለውጣል» አሉ። «ያኛው እደላ ተበላሽቷል፣ በጥሩው ይለወጣል እንበል። ጣሳ በጣሳ።»

«ጥሩው ከየት ይመጣል?»

የማኅበሩ ሱቅ የወሩን ጨው ትናንት እንደተቀበለ ነገሩኝ። የአባላቱ ድርሻ ነው። አባላቱ ደግሞ ላሞቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ናቸው።

እትዬ ዘይቱናም «የእኔንም ቦሌ ጨምሩበት» አለች።

በጣም ተናደድኩ። በእነሱ አይደለም። መርዙን የደፋው ስብሰባ ላይ ተቀምጧል፤ የተመረዘው ከወጡ ጨው ቀንሶ የእሱን ጥፋት ይጠርጋል። ይህን ማነው ፍትሕ የሚለው? እንቢ በሉ ልላቸው ነበር። ነገር ግን ሌላ መላ አልነበረኝም፤ አመሰገንኩ።


እሑድ፣ ግንቦት 23

ሰልፍ! ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ኦቦ ጉደታ ያንኑ መንገድ ዳር መረጡ፤ እደላ የተደረገበት ቦታ ለውጥም ይደረግበታል ብለው። አንድ ጣሳ ክፉ ይገባል፣ አንድ ጣሳ ደህና ይወጣል። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ለምን አላለም። የተበላሸ ዕቃ መንግሥት ለወጠ ተብሎ በሰፈሩ ተወራ፤ እንዲያውም ደስታ ሆነ። ስሙን መንግሥት ወሰደ፣ ጨውን ገበሬው ከፈለ።

አንዷ ሴትዮ ጣሳ ሳይሆን ጠርሙስ ይዛ መጣች። አፈሩን በውኃ በጥብጣ፣ በነጠላ አጥልላ፣ ለወጥ አዘጋጅታዋለች።

«ቀምሳችሁታል?»

«ኧረ ገና ነው፣ ለዛሬ ምሳ ነበር። ጨው ከጠፋ ምን እናድርግ ብዬ።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ዞር አልኩ። ፊቴን እንድታየው አልፈለግኩም። ሁለት ጣሳ ጨው ሰጠኋት፤ ኦቦ ጉደታ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

አቶ ተካ አልመጣም። ኦቦ ጉደታ ቤቱ ሄደው ጠየቁት። ጊደሯ ዓርብ ማታ ሞታለች። «ሰልፍ ሳልይዝ ነው ለራሴ የዘገንኩት» እያለ ያለቅሳል አሉኝ።

ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሷል። ከሞላ ጎደል። ያልመጣውን ማሰብ አልፈልግም፤ ግን አስባለሁ። አዳሩን ክምሩን በጆንያ ሸፍነን አራት ገበሬዎች እየተፈራረቁ ይጠብቁታል። ለሁሉም «ሰውም ከብትም አይጠጋ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት።


ሰኞ፣ ግንቦት 24

ካሚዮን መጣ!

ሳየው ከሩቅ እጄን አወዛወዝኩ። ጓድ ምትኩ ቃሉን ጠበቀ ብዬ። ቀረብ ሲል ጭነት አለው። ነጭ። የመጋዘኑ ካሚዮን ነው፣ አዲስ ጥራጊ ሊደፋ የመጣ። ከእሾህ አጥራችን አልፎ፣ ያ ሁሉ ሰው ጎንበስ ብሎ የጠረገው ጥቁር አፈር ላይ።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እቴቴ ብትሰማኝ በክርስቲያን ደንብ አታስቀብረኝም ነበር።

ከመንገዱ መሐል ግን ቀድሞኝ የቆመ ሰው አለ። አቶ ተካ ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ አላወረደውም። እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ወዴት?»

«ልደፋ ነው፣ ታዝዤ ነው» አለ ሹፌሩ።

«አይደፋም።»

«የማን ትእዛዝ ነው?»

«የጊደሬ» አለ አቶ ተካ።

ኦቦ ጉደታና ሽማግሌዎቹ መጥተው ከጎማው ፊት መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሞተሩን አጠፋና ሲጋራ ለኮሰ። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። ካሚዮን ስጡኝ ስል ቆየሁ፤ ይኸው ካሚዮን። «ወንድሜ፣ አንከለክልህም፤ እንጭንልሃለን» አልኩት። ገበሬዎቹ ገባቸው። አፋቸውን አስረው የቀረውን ክምር በሙሉ በአዲሱ ጥራጊ ላይ ጫኑት። እኔና ኦቦ ጉደታ ጋቢና ገባን። አቶ ተካና ገበሬዎቹ ከኋላ ወጡ።

መጋዘኑ ደረስን። ኃላፊው የለም፤ ስብሰባ ላይ ነው። የት? ሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል። በሩን ከፈትኩ። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሲጋራ።

«ስብሰባ ላይ ነን!»

«እዚህ ጋ መርዝ ልናስቀምጥ ነው። መቀመጥ ይቻላል፣ አፋችሁን ግን በጨርቅ እሰሩ» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቅርጫት ሲገባ ጠረጴዛቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። መርዝ አይደለም ያለ አንድም ሰው አላየሁም። አንድም! አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የወጡት። ያን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር።

ክፍሉ ተሞላ፣ ተዘጋ፣ ተቆለፈ። ቁልፉን ኦቦ ጉደታ ኪሳቸው ከተቱት።

ማታ ላይ የጓድ ምትኩ ተላላኪ መጣ። ነገ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ አቀርባለሁ። ጥፋቴን በራሴ አፍ ዘርዝሬ ሕዝቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ተላላኪው አላወቀም፤ ወይም አልነገረኝም። እቴቴ ብርድ ልብስና ካልሲ በፌስታል አስራ በር ሥር አስቀምጣለች። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ይውረድ።

ግለ ሂሴን አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ጥፋት አለብኝ። አንደኛው፣ ለዘበኛው ከብት እንዳይጠጋ አልኩት እንጂ ሰው አላልኩም፤ ለዚህ አቶ ተካን በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው፣ ያን አፈር መንገድ ዳር ከምሬ ካሚዮን ጠበቅኩ። ረቡዕ ዕለት በትከሻችን ተሸክመን እዚያ ጠረጴዛ ሥር መድፋት ነበረብን።

ሌላ የምናዘዘው የለኝም።